ግጦሽን የሚያሳርፍ የአባቶች ሕግ፦ ከሀዋሳ እስከ ባሌ ተራሮች

በደጋ አገር ከብት የሚያረባ አርሶ አደር በየዓመቱ የሚገጥመው አንድ ጥያቄ አለ። ዝናቡ ጥሎ ገብሱና ስንዴው ከበቀለ በኋላ ከብቱ የት ይዋል? በማሳ ዳር ቢሰማራ ሰብል ውስጥ ይገባል፤ ከጎረቤት ያጣላል። በወል ግጦሹ ላይ ዓመቱን ሙሉ ቢቆይ ሣሩ ከሥሩ ያልቃል፤ መሬቱ ይጠጥራል፤ ለሚቀጥለው ዓመት የሚተርፍ አይኖርም። የባሌ ደገኞች ይህን ጥያቄ የመለሱት ዛሬ አይደለም። መልሳቸው «ጎዳንቱ» ይባላል። የግብርና ዓምዳችን ከሀዋሳ ተነስቶ ወደ ባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ያመራውም የዱር እንስሳቱን ለማየት ብቻ ሳይሆን፣ ይህ ሥርዓት በተወለደበት ምድር ላይ ቆሞ ለማወቅ ነው።

ከሀዋሳ ወደ ዲንሾ

በማለዳ ከሀዋሳ የተነሳ መንገደኛ ሻሸመኔ ሲደርስ ወደ ምሥራቅ ይታጠፋል። መንገዱ ወደ ኮፈሌ እየወጣ ሲሄድ አየሩ ይቀዘቅዛል፤ በየግቢው እንሰት፣ በየሜዳው ገብስ ይታያል። ከዚያ የዶዶላና የአዳባ ሰፊ የስንዴ ሜዳ ይቀበላል። በመኸር ወቅት ኮምባይነር ወዲህና ወዲያ የሚልበት፣ ጋሪና ፈረስ የማይጠፋበት አገር ነው። አዳባን አልፎ ዳገቱን የጨረሰ መንገደኛ ዲንሾ ከመድረሱ በፊት ጋይሳይ የተባለውን የፓርኩን ሜዳ ያገኛል።

ብዙ ሰው ፓርክ ሲባል ርቆ፣ ተሸሽጎ የሚገኝ ጫካ ይመስለዋል። ጋይሳይ ግን ከአውራ ጎዳናው ዳር ነው። የደጋ አጋዘን ቆሞ ሲግጥ ከመኪና ሳይወርዱ ማየት ይቻላል። የደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ በስተቀር በየትኛውም የዓለም ክፍል አይገኝም። ከእርሱ ጋር የምኒልክ ድኩላ፣ በሆርና ከርከሮ በዚያው ሜዳና በዙሪያው ባለው የጽድና የኮሶ ዛፍ ሥር ይውላሉ። ከሜዳው ማዶ ደግሞ የአርሶ አደሩ ቤትና የገብስ ማሳ ይታያል። በሰውና በፓርኩ መካከል ያለው ርቀት ይህን ያህል ነው።

የፓርኩ ጽሕፈት ቤት የሚገኘው ዲንሾ ነው። ፓርኩ የተቋቋመው በ1962 ዓ.ም ሲሆን ስፋቱ ወደ 2 ሺህ 200 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። መስከረም 2016 ዓ.ም በሳዑዲ ዓረቢያ ሪያድ በተካሄደው የዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ኮሚቴ ጉባኤ በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በዚያው ጉባኤ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድርም አብሮ መመዝገቡ ለደቡቡ የአገራችን ክፍል ድርብ ደስታ ነበር።

ከ40 ሺህ ዓመታት በፊት የነበሩ ነዋሪዎች

ፓርኩን የሚጎበኝ ሰው በቅድሚያ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። ይህ ምድር ሰው ያልደረሰበት ባዶ መሬት ሆኖ አያውቅም።

በፓርኩ ውስጥ ፊንጫ ሀበራ የተባለ የዋሻ መጠለያ አለ። ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 3 ሺህ 500 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ይገኛል። በስፍራው በተካሄደ ቁፋሮ የተገኘው ውጤት በ2011 ዓ.ም መጨረሻ «ሳይንስ» በተባለው ዓለም አቀፍ መጽሔት ላይ ሲወጣ ብዙዎችን አስገርሟል። ከ47 ሺህ እስከ 31 ሺህ ዓመታት በፊት ባለው ጊዜ ውስጥ ሰዎች በዚህ ዋሻ ይኖሩ ነበር። ያ ዘመን የባሌ ተራሮች ጫፍ በበረዶ ግግር የተሸፈነበት ነው። ሰዎቹ ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ወጥተው ባልጩት እያመጡ መሣሪያ ይሠሩ ነበር። ዋነኛ ምግባቸው ደግሞ በእሳት የተጠበሰ ግዙፍ ፍልፈል ነበር።

ይህ ፍልፈል ዛሬም በባሌ ተራሮች ብቻ የሚገኝ እንስሳ ነው። ከጉድጓዱ አንገቱን ብቅ አድርጎ በዙሪያው ያለውን ሣር እየጎተተ ያስገባል። ዛሬ በብዛት የሚያድነው ቀይ ቀበሮ ነው። ጥንት የሰው ልጅ፣ አሁን ቀይ ቀበሮ፣ በዚያው ከፍታ ላይ በአንድ እንስሳ ተመግበው ኖረዋል ማለት ነው። በከፍተኛ ተራራ ላይ ሰው ለረጅም ጊዜ መኖሩን ከሚያሳዩ በዓለም ላይ እስካሁን ከተገኙ ማስረጃዎች ሁሉ ፊንጫ ሀበራ ከቀዳሚዎቹ ይቆጠራል።

ጎዳንቱ ምንድን ነው?

ከእነዚያ የዋሻ ነዋሪዎች እጅግ ዘግይቶ፣ ከብት ማርባት በአካባቢው ከተስፋፋ በኋላ፣ የባሌ ኦሮሞ ተራራውን የሚጠቀምበት የራሱን ሥርዓት አበጀ። ጎዳንቱ ማለት ከብትን በወቅት እያፈራረቁ ከቦታ ቦታ ማንቀሳቀስ ነው። ዓላማው ከብቱን ማብላት ብቻ አይደለም፤ የተበላውን መሬት ማሳረፍም ጭምር እንጂ።

አካሄዱ እንዲህ ነው። በታችኛው አገር ሰብል በማሳ ላይ በሚሆንበት የዝናብ ወቅት ከብቱ ወደ ላይኛው የተራራ ግጦሽ ይወጣል። በዚያ ለሁለትና ለሦስት ወራት ይቆያል። ሰብሉ ተሰብስቦ ማሳው ቃርሚያ ሲሆን ከብቱ ይመለሳል፤ ቃርሚያውን እየበላ ማሳውን በፋንድያው ያለማል። የበጋው ፀሐይ በበረታበት፣ ሣር በሁሉም ቦታ በደረቀበት ጊዜ ደግሞ ጥላና ለምለም ቅጠል ወዳለበት ወደ ሐረና ጫካ ይወርዳል። በመሆኑም የላይኛው ግጦሽ ከብት ታችኛው አገር ሲውል ያርፋል፤ ጫካውም ከብት ተራራ ላይ ሲውል ያርፋል።

በዚህ እንቅስቃሴ ውስጥ ትልቅ ቦታ ያለው «ሆራ» ነው። ሆራ ማዕድን ያለበት ምንጭ ነው። በፓርኩ ሰሜናዊ ክፍል በርካታ ሆራዎች አሉ። ከብት በየተወሰነ ጊዜ ከሆራ ካልጠጣ ወተቱ ይቀንሳል፣ ሰውነቱ ይከሳል ብለው አርቢዎች ያምናሉ። ስለዚህ ከብት ከሩቅ ተነድቶ ይመጣል፤ ተራ ጠብቆ ጠጥቶ ይመለሳል። ሆራ የአንድ ሰው ንብረት አይደለም። የሚጠቀመው ሁሉ ሥርዓቱን ማክበር ይጠበቅበታል።

የጎዳንቱ ሥርዓት የቆመው በጽሑፍ ሕግ አልነበረም። ማን መቼ ይወጣል፣ የት ያድራል፣ መቼ ይመለሳል የሚለውን የሚወስኑት ሽማግሌዎች ናቸው። የበላይ መሠረቱም ኦሮሞ ራሱን ሲያስተዳድርበት የኖረው የገዳ ሥርዓት ነው። የገዳ ሥርዓት ኅዳር 2009 ዓ.ም በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ መመዝገቡ ይታወሳል።

የሕዝቡና የዱር እንስሳው ቅርበት በስም አወጣጥ ሳይቀር ይታያል። የባሌ ኦሮሞ ቀይ ቀበሮን «ጄዳላ ፈርዳ» ይለዋል፤ የፈረስ ቀበሮ እንደማለት ነው። ስሙ የወጣለት ፈረስና ላም ሲወልዱ ተከትሎ የእንግዴ ልጁን ስለሚበላ እንደሆነ ይነገራል። ቀይ ቀበሮ ከብት መንጋ መካከል ገብቶ፣ በከብቱ ተከልሎ አይጥና ፍልፈል ሲያድንም ይታያል። እረኛው ይህን እያየ ዝም የሚለው በቀበሮው ላይ ጥላቻ ስላልነበረው ነው።

ሥርዓቱ ሲላላ

እስካሁን የተነገረው ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን ዛሬ ጎዳንቱ እንደ ድሮው አይደለም። ለወረዳ አመራሩም ለአርሶ አደሩም ትልቁ ትምህርት ያለው እዚህ ላይ ነው።

በመጀመሪያ ሕዝቡ በዛ፤ የእርሻ መሬቱም ወደ ላይ ወጣ። ድሮ ለዝናብ ወራት ብቻ የተራራ ጎጆ የነበረው ማደሪያ ቀስ በቀስ ቋሚ ቤት ሆነ። ቋሚ ቤት ሲኖር ከብቱም ዓመቱን ሙሉ ይቆያል። ከብቱ ዓመቱን ሙሉ ሲቆይ መሬቱ የማረፊያ ጊዜ ያጣል። ለሁለትና ለሦስት ወራት ይጋጥ የነበረው ሜዳ ለአሥራ ሁለት ወራት ሲጋጥ ሣሩ ይሳሳል፤ አፈሩ በኮቴ ይጠጥራል፤ ፍልፈሉ ይቀንሳል፤ ቀበሮውም የሚበላው ያጣል። በመጨረሻ የሚጎዳው ደግሞ ከብቱ ነው፤ የሚግጠው ሣር በየዓመቱ ያንሳልና።

ሁለተኛው ጉዳት ከሰፈራው ጋር አብሮ የመጣው ውሻ ነው። በዓለም ላይ የቀረው የቀይ ቀበሮ ቁጥር ወደ 500 የሚገመት ሲሆን ከግማሽ በላይ የሚሆነው የሚኖረው በባሌ ተራሮች ነው። በእብድ ውሻ በሽታ ምክንያት በ1984፣ በ1996 እና በ2001 ዓ.ም አካባቢ በባሌ ብዙ ቀበሮዎች አልቀዋል። በሽታው ወደ ቀበሮ የሚተላለፈው ካልተከተቡ የቤት ውሾች ነው። በዚህ የሚጎዳው ቀበሮው ብቻ አይደለም። ያው ውሻ ላሙንም ልጁንም ይነክሳል። በአካባቢው የሚሠራው የኢትዮጵያ ቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም ለብዙ ዓመታት ውሾችን ሲያስከትብ ቆይቷል። ከ2010 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮም ክትባቱን በሥጋ ውስጥ አድርጎ ለቀበሮዎቹ ማብላት ተጀምሯል።

ሦስተኛው እሳት ነው። በ1992 ዓ.ም በባሌና በቦረና የተነሳው ሰደድ እሳት ያደረሰው ጥፋት በእድሜ የገፉ ሰዎች ሁሉ የሚያስታውሱት ነው። በተራራው ላይ የሚበቅለው አስታ በቀላሉ የሚቀጣጠል ቁጥቋጦ ነው። ቀድሞ እረኞች አሮጌውን አስታ በየተራ፣ በቁራሽ ቁራሽ እያቃጠሉ ለከብት የሚሆን ለምለም ሣር ያወጡ ነበር። በቅርብ ጊዜ ያለፈበት ቦታ ያለው ወጣት አስታ ስለማይቃጠል እሳቱ ከዚያ አያልፍም። አጥኚዎች ይህን መርምረው የእረኞቹ ዕውቀት መሠረት ያለው መሆኑን ጽፈዋል። ይህ ማለት ማንም እየተነሳ እሳት ይልቀቅ ማለት አይደለም። ዛሬ እሳት በድብቅ፣ በማይሆን ወቅትና ያለ ሽማግሌ ፈቃድ ሲለኮስ ውጤቱ ከድሮው የተለየ ነው። ነገር ግን እሳትን ለመከላከል የሚወጣ ዕቅድ እረኛውን ሳይጠይቅ ከተጻፈ ጎደሎ ይሆናል።

በእነዚህ ችግሮች ምክንያት በፓርኩና በነዋሪው መካከል ለረጅም ጊዜ ውዝግብ ኖሯል። አንደኛው ወገን ሰውና ከብት ሁሉ ይውጣ ይላል። ሌላኛው ወገን የአባቶቼን መሬት ማን ሊከለክለኝ ይላል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 5 አርብቶ አደሮች መሬት በነፃ ለግጦሽ የመጠቀምና ከመሬታቸው ያለመፈናቀል መብት እንዳላቸው ደንግጓል። በሌላ በኩል የዱር እንስሳትን ስለማልማት፣ ስለመጠበቅና ስለመጠቀም የወጣው አዋጅ ቁጥር 541/1999 አለ። ሁለቱን አስታርቆ መሥራት የሚጠበቅበት የወረዳ ባለሙያ በመካከል ይቆማል። ለዚህ ባለሙያ ጎዳንቱ ትልቅ ፍንጭ ይሰጠዋል። ክርክሩ ከብት ይግባ ወይስ አይግባ ከሚለው ወጥቶ፣ መቼ ይግባ፣ ምን ያህል ይቆይ፣ መቼ ይውጣ ወደሚለው ሲዞር የሚነጋገሩበት መንገድ ይከፈታል። አባቶችም ይመልሱት የነበረው ይህንኑ ጥያቄ ነው።

መንዝና አውስትራሊያ ምን ያስተምሩናል?

የአባቶች ሕግ በዘመናዊ አስተዳደር ውስጥ ቦታ ሊኖረው ይችላልን? ብሎ ለሚጠይቅ ሰው በአገራችን አንድ ሕያው ምሳሌ አለ። በአማራ ክልል ሰሜን ሸዋ የሚገኘው የመንዝ ጓሳ ነው። የመንዝ ሕዝብ የጓሳን ደጋ ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ «ቄሮ» በሚባል የራሱ ሥርዓት ጠብቆ ኖሯል። ለጣራ ክዳንና ለገመድ የሚሆነው የጓሳ ሣር ለሦስት፣ አንዳንድ ጊዜም ለአምስት ዓመታት ይከለላል። በተባለው ጊዜ ይከፈታል፤ ሁሉም በድርሻው ያጭዳል። ደንቡን የጣሰ ይቀጣል። የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ የቀድሞውን የመሬት ሥሪት ሲሽር ይህም ሥርዓት አብሮ ፈረሰ፤ ጓሳም ተጎዳ። በኋላ ግን የአካባቢው ሕዝብ የድሮውን ደንብ ከአዲሱ የቀበሌ አደረጃጀት ጋር አስማምቶ በኮሚቴ መጠበቅ ጀመረ። ዛሬ ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ነው። ቀይ ቀበሮም ጭላዳም እዚያ ይኖራሉ፤ አርሶ አደሩም ሣሩን ያጭዳል።

ከባሕር ማዶም ተመሳሳይ ታሪክ አለ። የአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች፣ አቦርጂናል የሚባሉት፣ ኡሉሩ የተባለውን ታላቅ ቀይ ዓለት እንደ ቅዱስ ስፍራ ያከብሩታል። በጥቅምት 1978 ዓ.ም የአገሪቱ መንግሥት ፓርኩ ያረፈበትን መሬት ለባለቤቶቹ ለአናንጉ ሕዝብ መለሰ። እነርሱም ለፓርክነት ለ99 ዓመታት መልሰው አከራዩት፤ አስተዳደሩም የጋራ ሆነ። አናንጉዎች ጎብኚዎች ዓለቱ ላይ እንዳይወጡ ለዓመታት ሲለምኑ ኖረው በጥቅምት 2012 ዓ.ም መውጣት በደንብ ተከለከለ። ጎብኚው ግን አልቀረም። ዛሬ የሚሄደው የዓለቱን ዙሪያ እየተራመደ ታሪኩን ከባለቤቶቹ ለመስማት ነው። በሰሜኑ የካካዱ ፓርክም ነባሮቹ ሕዝቦች በቀዝቃዛው ወቅት ጥቂት በጥቂት እያቃጠሉ ታላቁን የበጋ ሰደድ እሳት የሚከላከሉበት ጥንታዊ ዘዴ የፓርኩ አሠራር አካል ሆኗል። የባሌ እረኛ ስለ አስታ የሚያውቀውና የካካዱ ሰው ስለ ሣሩ የሚያውቀው እጅግ የተቀራረበ ነው።

የእነርሱ የመሬት ሕግ ከእኛ ይለያል፤ እንዳለ መቅዳት አይቻልም። የሚወሰደው ትምህርት ግን ግልጽ ነው። ጥበቃው የሚጸናው መሬቱን በስሙ የሚያውቀው ሰው ደንቡን ሲያወጣ አብሮ ከተቀመጠ ነው።

ከሰነቴ እስከ ሐረና፦ የውሃው ጉዳይ

ከዲንሾ ወጥቶ ሮቤንና ጎባን ያለፈ ጎብኚ ወደ ሰነቴ አምባ ይወጣል። በ4 ሺህ ሜትር ከፍታ ላይ የተዘረጋ ሰፊ ሜዳ ነው። ጅባራው እንደ ሰው ቆሞ ይታያል፤ በየቦታው ትናንሽ ሐይቆች ተኝተዋል። ከአምባው በላይ 4 ሺህ 377 ሜትር ከፍታ ያለው ቱሉ ዲምቱ ይታያል። ከአምባው ማዶ መንገዱ ቁልቁል እየተጠማዘዘ ይወርድና በአስታ አልፎ ሐረና ጫካ ይገባል። በሁለት ሰዓት ጉዞ ውስጥ ከውርጭ ወደ ሙቅ ጫካ መግባት በአገራችን ብዙ ቦታ የሚገኝ ነገር አይደለም።

ሐረና የጫካ ቡና አገር ነው። ማንም ያልተከለው ቡና በትላልቅ ዛፎች ሥር ይበቅላል። ነዋሪው ቡናውን ይለቅማል፤ በዛፍ ላይ ቀፎ ሰቅሎ ማር ይቆርጣል። ዛፉ ከተቆረጠ ቡናውም ማሩም አብሮ እንደሚጠፋ ስለሚያውቅ ዛፉን የሚጠብቀው ራሱ ነው። የሲዳማና የጌዴኦ ቡና አምራች ይህን በሚገባ ይረዳዋል።

ከሁሉ በላይ ግን ባሌ የውሃ ማማ ነው። ዋቤ ሸበሌ፣ ገናሌ፣ ዌብ፣ ወልመልና ዱማል ከዚህ ተራራና ከዙሪያው ውሃ ይቀበላሉ። በኢትዮጵያ፣ በሶማሊያና በኬንያ ወደ 12 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ በዚህ ውሃ ላይ ጥገኛ ነው። የዌብ ወንዝ ከተራራው ወርዶ፣ በሃይማኖታዊ ክብሩ የሚታወቀውን የሶፍ ዑመርን ዋሻ ሰንጥቆ ያልፋል። ላይ ያለው ሣርና ረግረግ ዝናቡን እንደ ስፖንጅ ይዞ በበጋ ጥቂት በጥቂት ይለቃል። ሣሩ ሲያልቅ ውሃው በክረምት ጎርፍ ሆኖ ያልፋል፤ በበጋ ወንዙ ይደርቃል። ስለዚህ ግጦሽ ማሳረፍ የአንድ ቀበሌ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም። የላይኛው እረኛ የሚያሳርፈው ሣር የታችኛው አርሶ አደር የመስኖ ውሃ ነው።

ወደ ቤታችን ስንመለስ

ከባሌ ወደ ሀዋሳ የሚመለስ ሰው ጥቁር ውሃን ሲሻገር ይህንኑ ነገር በራሱ አገር ያገኘዋል። በጥቁር ውሃ በላይ የነበረው የጨለለቃ ሐይቅ ከላይ በታጠበ ደለል ተሞልቶ ሐይቅነቱ ቀርቷል። የሀዋሳ ሐይቅም የሚቀበለው ከዚያው ተፋሰስ የሚወርደውን ነው። ከላይ ያለው ገላጣ ግጦሽና ቦረቦር ታች ያለውን ሐይቅ እንደሚሞላ ለማስረዳት ከዚህ የቀረበ ማስረጃ አያስፈልግም።

መፍትሔውም ቢሆን ከሩቅ የሚመጣ አይደለም። የሲዳማ ሕዝብ የራሱ ሥርዓት አለው። ሽማግሌዎች በሶንጎ ተቀምጠው ይመክራሉ፤ «ሴራ» የተባለው የማኅበረሰቡ ደንብ ያለ ፖሊስ ሲከበር ኖሯል፤ «ሀላሌ» ማለትም እውነት የፍርዱ መሠረት ነው። ኅዳር 2008 ዓ.ም በዩኔስኮ የተመዘገበው ፍቼ ጨምበላላ ራሱ የዚህ ምስክር ነው። በፍቼ ጨምበላላ ከብት አይታረድም፤ ዛፍ አይቆረጥም፤ ከብት ወደ ለምለም ግጦሽ ይወጣል። በዓመት አንድ ጊዜ የሚታወጀው ይህ ክብር ዓመቱን ሙሉ በተፋሰስ ሥራ ውስጥ ቢገባ ምን ያህል ይጠቅም ነበር! በክልሉ ውስጥ በሚገኘው የሎካ አባያ ብሔራዊ ፓርክ ዙሪያ ያሉ ቀበሌዎችም ከባሌ የሚማሩት ብዙ ነው።

ለወረዳ አመራሮችና ለልማት ጣቢያ ሠራተኞች ከጉብኝቱ የወሰድናቸውን ነጥቦች እንዲህ እናቀርባለን።

አንደኛ፣ የወል ግጦሽ ወይም የተከለለ ተፋሰስ መተዳደሪያ ደንብ ከመጻፉ በፊት የአካባቢው ሽማግሌዎች ይጠየቁ። ድሮ የትኛው መሬት ያርፍ ነበር? በየትኛው ወር? ማን ያውጅ ነበር? ቅጣቱስ ምን ነበር? መልሱ በቃለ ጉባኤ ይያዝ።

ሁለተኛ፣ ደንቡ የሚዘጋበትን ብቻ ሳይሆን የሚከፈትበትንም ቀን ይናገር። አርሶ አደር መቼ እንደሚጠቀም ሳያውቅ የተከለለ መሬት ቀን ጠብቆ ይጣሳል። መሬቱ ተዘግቶ በሚቆይበት ጊዜ ሣሩ ታጭዶ ለከብት የሚቀርብበት ተራም አብሮ ይወሰን።

ሦስተኛ፣ ፓርክና ጫካ ባለባቸው ቀበሌዎች የውሻ ክትባት ከከብት ክትባት ጋር አብሮ ይታቀድ። ወጪው ትንሽ ነው፤ ጥቅሙ ግን ለሰውም፣ ለከብትም፣ ለዱር እንስሳም ነው።

አራተኛ፣ የሚገኘው ጥቅም በግልጽ ይታይ። ፈረስ የሚያከራየው፣ መንገድ የሚመራው፣ ማርና ቡና የሚሸጠው የአካባቢው ወጣት ከሆነ፣ ፓርኩን የሚጠብቀውም እርሱ ይሆናል።

ለአርሶ አደሩ የምንለው ደግሞ አጭር ነው። በመንደራችሁ ድሮ ያርፍ የነበረ፣ አሁን ግን ዓመቱን ሙሉ የሚጋጥ መሬት ካለ፣ ሲያርፍ ያዩ አዛውንት በሕይወት ሳሉ ጠይቋቸው። እነርሱ ካለፉ በኋላ ያንን ዕውቀት የሚመልስ መጽሐፍ የለም።

ለመጎብኘት ለሚያስቡ

ወረዳዎች ለአርሶ አደሮች የልምድ ልውውጥ ጉዞ ሲያዘጋጁ ብዙውን ጊዜ ወደ ሞዴል ማሳ ይሄዳሉ። ባሌን ቢያስቡት አይቆጩም። ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ለጉዞ ይመቻል፤ ሌሊቱ ግን ከባድ ውርጭ ስለሆነ ጋቢና ወፍራም ልብስ መያዝ ያስፈልጋል። ጉብኝት የሚጀምረው በዲንሾ ጽሕፈት ቤት ተመዝግቦ፣ የአካባቢ አስጎብኚ ይዞ ነው። አስጎብኚውን ስለ ቀይ ቀበሮ ብቻ አትጠይቁት፤ ስለ ሆራውና ስለ ጎዳንቱም ጠይቁት። ዛሬ ከሮቤም ከጎባም የሚመጣ ወጣት አስጎብኚ አባቱ ከብት ይዞ የወጣበትን መንገድ ሊያሳያችሁ ይችላል።

ከዲንሾ ስንመለስ በጋይሳይ ሜዳ አጋዘኑ በአንድ ወገን፣ ላሞቹ በሌላ ወገን ይግጡ ነበር። አንድ ልጅ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ከብቱን ወደ ቤት ይነዳል። ያ ልጅ ነገም የሚያሰማራበት ሣር እንዲኖር አባቶቹ ያወጡት ሕግ በእጁ መግባት አለበት። የእኛም ልጆች እንዲሁ።

ቸር እንሰንብት።